መምህር የተማሪው ባለቤት ነውን? «ሪታን ማስተማር» ስለ ተሰኘው ፊልም

አንድ ሰው ሌላውን ሰው ሲያስተምር ይለውጠዋል። ይህን የሚክድ መምህር የለም፤ ምንም ለውጥ የማያመጣ ትምህርት ጊዜ ከማሳለፍ አይለይምና። ነገር ግን ለውጡ ከመጣ በኋላ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። የተለወጠው ሰው መምህሩ እንዳሰበውና እንደ ወደደው ሆኖ ባይገኝስ? መምህሩ «ይህስ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊያዝን፣ ሊቆጣ፣ ከዚያም አልፎ «ሳትማር ትሻል ነበር» ሊል መብት አለውን? ጥያቄው በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም። ልጁን ከራሱ የተሻለ ደረጃ ላይ ለማድረስ የደከመ አባት፣ ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ በአነጋገሩና በሐሳቡ ባዕድ ሲሆንበት የሚሰማው ቅሬታ ከዚሁ ጋር የሚመደብ ነው።

ይህን ጉዳይ በሳቅ ለውሶ ያቀረበ አንድ የእንግሊዝ ፊልም አለ። ስሙ «ኤጁኬቲንግ ሪታ» ሲሆን፣ «ሪታን ማስተማር» እንደ ማለት ነው። በሉዊስ ጊልበርት አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1983 ለሕዝብ ቀረበ። ደራሲው ዊሊ ራስል ታሪኩን በመጀመሪያ የጻፈው ለመድረክ ነበር፤ ተውኔቱም እ.ኤ.አ. በ1980 በለንደን ታይቷል። በመድረኩ ላይ የሚታዩት መምህሩና ተማሪዋ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ባልዋንም ወላጆችዋንም ተመልካቹ የሚያውቃቸው በወሬ ነው። ፊልሙ ግን እነዚህን ሰዎች በዐይናችን እንድናያቸው አድርጓል፤ ይህም ወደ በኋላ እንደምናየው በጉዳዩ ላይ የምንሰጠውን ፍርድ የሚነካ ልዩነት ነው። ሪታን ሆና የተጫወተችው ጁሊ ዋልተርስ፣ መምህሩን ፍራንክን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ኬይን፣ ደራሲውም ጭምር ሦስቱም ለኦስካር ሽልማት ታጭተው ነበር።

ደራሲው ስለዚህ ኑሮ የጻፈው ከሩቅ ተመልክቶ አይደለም። ራስል ራሱ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጸጉር ሠሪ ሆኖ የኖረ፣ ካደገ በኋላ ወደ ትምህርት የተመለሰ፣ ኋላም ያስተማረ ሰው ነው። ሪታም ጸጉር ሠሪ ናት። ባለትዳር ናት፤ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ በልጅነትዋ መማር ለእርስዋ ዓይነቱ ሰው እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር አልተማረችም። አሁን ግን የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመሆን ተመዝግባለች። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 በንጉሣዊ ቻርተር ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለ ተቋም ሲሆን፣ ቀደም ሲል የተገኘ የምስክር ወረቀት ሳይጠይቅ፣ በፖስታ በሚላክ ጽሑፍ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ እንዲሁም በየአካባቢው በሚመደቡ አስጠኚዎች አማካይነት ሠራተኛውን ሕዝብ ሲያስተምር የኖረ ነው። ለሪታ የተመደበላት አስጠኚ ፍራንክ ነው።

ፍራንክ በአንድ ወቅት ግጥም ይጽፍ ነበር፤ አሁን አይጽፍም። የውስኪ ጠርሙሱን ከመጻሕፍቱ ኋላ ይደብቃል። መደበኛ ተማሪዎቹን ይንቃቸዋል፤ የሚያስተምረውን ሥነ ጽሑፍ ከወደደው ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የማታውን ማስጠናትም የተቀበለው ለመጠጥ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነው። በዚህ ሰው ክፍል በር ላይ ሪታ መጥታ ትታገላለች፤ እጀታው የተበላሸ ስለ ሆነ በሩ አይከፈትላትም። ገብታም ስትቀመጥ ምን ማወቅ እንደምትሻ ሲጠይቃት ሁሉን ነገር ማወቅ እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። እውነተኛ ስምዋ ሱዛን ነው፤ «ሪታ» የተባለችው የምትወዳትን አንዲት ደራሲ ስም ለራስዋ ስላወጣች ነው። አንባቢው ይህን የስም ነገር ያስታውስልኝ።

ተቺዎች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ጋር ያወዳድሩታል። በዚያ ተውኔት አንድ የቋንቋ ሊቅ አበባ ሻጭዋን ልጅ እንደ ባላባት ወይዘሮ ሊያናግራት ይወራረዳል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። በሾው ታሪክ ልጅቱ የውርርድና የሙከራ ዕቃ ናት። በራስል ታሪክ ግን በሩን የምታንኳኳው ተማሪዋ ናት። ፍራንክ እንዲያውም መጀመሪያ ሊሸኛት ይሞክራል፤ እኔ ጥሩ መምህር አይደለሁም፤ ሌላ ፈልጊ ይላታል። እርስዋ ግን ሌላ አልፈልግም ብላ ትመለሳለች። ስለዚህ ኋላ «እኔ ፈጠርኋት» ሲል የምንሰማው ሰው ከመነሻው ይህን ለማለት መሠረት እንደሌለው ልብ ማለት ያሻል።

ሪታ በመጀመሪያ የምትጽፋቸው የቤት ሥራዎች ያስቃሉ። ስለ ኢብሰን «ፒር ጊንት» ተውኔት በመድረክ ለማሳየት ያለው ችግር እንዴት እንደሚፈታ ስትጠየቅ፣ በሬዲዮ ቢተላለፍ ይሻላል የሚል የአንድ መስመር መልስ ትሰጣለች። መልሱ እንደ ፈተና መልስ ዋጋ የለውም፤ እንደ ሰው መልስ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ራሱ በሬዲዮ የሚያስተምር መሆኑን ላስታወሰ ሰው ደግሞ የበለጠ ያስቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በቴአትር ቤት አይታ፣ ደስታዋን መያዝ አቅቷት፣ ሥራዋን ጥላ ልትነግረው ትሮጣለች። እርሱም የሰው ልጅ በራሱ ውስጥ ባለ ጉድለት ተስቦ የሚወድቅበት ትራጀዲና ዛፍ በድንገት ወድቆበት የሚሞት ሰው አሳዛኝ ዕድል አንድ እንዳልሆኑ ያስረዳታል። በእኔ አስተያየት በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የማስተማር ሰዓት ይህ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይመለከታሉ፤ ማንም ማንንም አይመለከትም።

ሆኖም ፍራንክ ፍርሃት ይይዘዋል። ፈተናውን እንድታልፍ ከተፈለገ እንደ ሌሎቹ መጻፍ አለባት፤ እንደ ሌሎቹ ከጻፈች ደግሞ ያ ልዩ የሆነው ነገርዋ ይጠፋል። ይህን ይነግራታል። እርስዋም መለወጥ እንደምትፈልግ፣ የመጣችውም ለዚሁ እንደ ሆነ ትመልስለታለች። የፍራንክን ፍርሃት ቸል ልንለው አይገባም። ብዙ ብሩህ ልጆች ከትምህርት ቤት በር ሲገቡ የራሳቸው ዐይን ነበራቸው፤ ሲወጡ ግን የሰው መነጽር ብቻ ይዘው ወጥተዋል። ይህን ያላየ መምህር የለም። ነገር ግን ፍራንክ ሪታን የወደደበት ምክንያት ከዚህ ጋር የተደባለቀ መሆኑን ፊልሙ ቀስ በቀስ ያሳየናል። እርስዋ ወደ ክፍሉ የምታመጣው ነፋሻ አየር ለእርሱ መድኃኒቱ ነው። እርስዋ ባታውቅ፣ እየጠየቀች ብትኖር፣ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ሆኖ ይኖራል። የሚሳሳለት የእርስዋ የዋህነት ነው ወይስ የራሱ ማጽናኛ? ይህን ለመለየት እርሱ ራሱ አይችልም፤ አይፈልግምም።

አሁን ወደ ባልዋ እንምጣ፤ ስለዚህ ሰው ረዘም አድርጌ ብናገር አንባቢ ይታገሠኝ። ዴኒ ክፉ ሰው አይደለም። ሠርቶ የሚበላ፣ በሠፈሩ መጠጥ ቤት ከቤተ ዘመድ ጋር ተሰብስቦ መዝፈን የሚወድ፣ ልጅ እንዲወለድለት የሚመኝ ባል ነው። ሪታ ግን እናት ከመሆንዋ በፊት ራስዋን ማወቅ ትሻለች፤ ስለዚህ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በስውር ትወስዳለች። ባልዋ ልጅ እየጠበቀ ነው፤ እርስዋ እንደማይመጣ ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን ስለ ኪኒኑ የምታስተምረው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አልደግመውም። ለእኔ ግን የበለጠ የከበደኝ ዝምታው ነው። አንድ ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ማዕድ፣ በማያውቀው ነገር ተታልሎ ሲኖር ማየት ያሳዝናል። ዴኒ ምስጢሩን ሲደርስበት መጻሕፍትዋንና ጽሑፎችዋን ሰብስቦ ያቃጥላል። ይህም በምንም ሚዛን የሚደገፍ ሥራ አይደለም፤ የሰው አእምሮ የደከመበትን ነገር በእሳት ማጥፋት ሰውየውን ራሱን መድፈር ነውና። ቀጥሎም ትምህርቱን ወይም ትዳሩን እንድትመርጥ ያዛታል። ትምህርቱን ትመርጣለች።

ፊልሙ ይህን መለያየት የነጻነት ዋጋ አድርጎ ያሳየናል። እኔ ዋጋው ተከፍሎ መመዝገቡን አልቃወምም፤ የምለው ዋጋውን የከፈሉት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ የተቆጠረው የአንዲቱ ብቻ መሆኑን ነው። ለዴኒ ማንም በር አልከፈተለትም። ሚስቱ አዲሱን ዓለም ስታገኝ ያ ዓለም ስለ እርሱ የነገረው ነገር ቢኖር የሚዘፍነው ዘፈን፣ የሚጠጣበት ቤት፣ የሚመኘው ልጅ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ነው። እንዲህ የተነገረው ሰው ክብሪት ቢያነሣ በደሉ በደል መሆኑ ባይቀርም ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። መድረኩ ላይ ዴኒ ስለማይታይ ይህን ሁሉ ማሰብ አይመጣልንም፤ ፊልሙ ፊቱን ስላሳየን ግን ልንረሳው አንችልም። ለዚህም ፊልሙን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ባትማር ይሻል ነበር» ወደሚለው የሚዘል አንባቢ ቢኖር፣ ፊልሙ ራሱ መልሱን አስቀምጧል። ፍራንክ ሪታን ቤቱ ለእራት ይጠራታል። ወይን ጠጅ ገዝታ እስከ ደጁ ትሄዳለች፤ በመስኮት አሻግራ እንግዶቹን ስትመለከት ግን የገዛችው ወይን የማይሆን፣ የምትናገረውም የማይጥም መስሎ ታይቷት ትመለሳለች። ወደ መጠጥ ቤቱ ወደ ዘመዶችዋ ስትሄድ ደግሞ እዚያም እንግዳ ናት። የድሮውን ትታ አዲሱን ገና ያልያዘች፣ ከሁለቱም ወገን የሌለች ሰው ሆናለች። ይህ ሥቃይ እውነተኛ ነው፤ ከገጠር ወጥቶ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያችው ሌሊት መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እየዘፈነ ሳለ የሪታ እናት መዝፈን ትታ ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ ስትጠየቅም ከዚህ የተሻለ ዘፈን ሳይኖር አይቀርም የሚል መልስ ትሰጣለች።

ፍራንክ የሚናፍቀውን ያልተበረዘ ሕይወት የምትኖረው እናትዋ ናት። መጽሐፍ አላበላሻትም፤ የፈተና ቋንቋ አላጠናችም፤ እንደ ፍራንክ አስተሳሰብ ከሆነ ደስተኛ መሆን ያለባት እርስዋ ነበረች። እርስዋ ግን ታለቅሳለች። የድኻውን አለማወቅ ከሩቅ ሆኖ የሚያደንቅ ሰው ይህን ልቅሶ አይሰማም፤ ምክንያቱም የሚያደንቀው ኑሮ እርሱ ራሱ የማይኖረውን ነው። ሪታ ወደ ትምህርትዋ የተመለሰችው በዚህ እንባ ምክንያት እንጂ በፍራንክ ማበረታታት አይደለም።

ይህን ስጽፍ እኛን ካህናትንም እያሰብሁ ነው። የምእመናንን የዋህ እምነት እናመሰግናለን፤ ማመስገናችንም ተገቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የምናመሰግነው እምነታቸውን ሳይሆን አለመጠየቃቸውን ነው። ሁለቱ እንደማይመሳሰሉ የሚታወቀው ከመካከላቸው አንዱ አንብቦ፣ አስቦ፣ ጥያቄ ይዞ የመጣ ዕለት ነው። «ድሮ እንዲህ አልነበርህም» የሚለው ቃል ከአፋችን ከወጣ፣ የወደድነው ምን እንደ ነበረ በዚያው ተገልጧል ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ ሪታ ከበጋው የትምህርት ጊዜ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆናለች። ያን ጊዜ አንድ የማታውቀው አዳራሽ ውስጥ ተነሥታ ጥያቄ ጠይቃለች። ብሌክን ያስተማራት ሌላ መምህር ስለ ሆነ፣ ፍራንክ ላስተምራት ብሎ ያሰበውን ቀድማው ታውቀዋለች። ትሪሽ ከምትባል የኪነ ጥበብ አፍቃሪ ጋር ትኖራለች። አነጋገርዋን ለውጣለች፤ ሪታ መባልንም ትታለች፤ ሱዛን ናት። ፍራንክም በዚህ ጊዜ የራሱን የድሮ ግጥሞች አንብባ አስተያየት እንድትሰጥ ይሰጣታል። ይህ ስጦታ ሳይሆን ፈተና ነው። የድሮዋ ሪታ ብትሆን ግጥሞቹን በአንድ ሳቅ ትጥላቸው እንደ ነበር ያውቃል፤ እርሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። አዲሲቱ ሱዛን ግን ሌሊቱን ሙሉ ከትሪሽ ጋር ሲያነቡት እንዳደሩ ነግራው፣ በሊቃውንት ቋንቋ ታሞግሳቸዋለች። እርሱም ግጥሞቹን ቀዳዶ ይጥላል፤ ራሱንም ጭራቅ ሠርቶ በሠራው ጭራቅ ከተሸበረው ከፍራንከንስታይን ታሪክ ጸሐፊ ከሜሪ ሼሊ ጋር ያወዳድራል።

በዚህ ስፍራ ፍርድ መስጠት ግድ ነው። ፍራንክ አንድ እውነት ይዟል፤ ሱዛን የምትናገረው ቋንቋ ገና የእርስዋ አይደለም፤ የተዋሰችው ነው። እርስዋም በንዴት፣ አሁን ምን ወይን እንደምገዛ፣ ምን እንደምለብስ፣ የትኛውን ተውኔት እንደማይ አውቃለሁ፤ አንተ አታስፈልገኝም ስትለው ያገኘችው ነገር ምን ያህል ገና ከላይ ከላይ እንደ ሆነ ራስዋ ትመሰክራለች። እርሱም ያገኘሽው የተሻለ ዘፈን ሳይሆን የተለየ ዘፈን ነው ይላታል። ይህን ማለት የመምህር መብቱ ነው፤ ግዴታውም ነው። መምህር የተማሪውን ጉድለት ካልነገረው ማን ይነግረዋል? ፍራንክ የተሳሳተው ግን ጉድለትዋን በማየቱ ሳይሆን መድኃኒቱን ወደ ኋላ በመፈለጉ ነው። በተውሶ ቋንቋ የሚናገር ተማሪ የራሱን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ፊት መሄድ ይቀረዋል፤ ወደ ነበረበት መመለስ ግን የእርሱ መንገድ አይደለም። ሕፃንም መናገር የሚጀምረው የእናቱን ቃል በመደጋገም ነው።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ «ስለ መምህር» በተሰኘውና ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር እንደሚነጋገር አድርጎ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመምህር ቃል ዕውቀትን ከውጭ አምጥቶ በተማሪው ውስጥ እንደማያፈስስ ያስረዳል። ቃል ያሳስባል፤ ያመለክታል፤ እውነት መሆኑን አይቶ የሚቀበለው ግን ተማሪው ራሱ በውስጡ ካለው መምህር፣ ማለትም ከክርስቶስ ጠይቆ ነው። ተማሪዎች ሁሉን ከመምህሩ አፍ የተቀበሉ የሚመስላቸው በመስማታቸውና በመረዳታቸው መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ሆነ መሆኑንም ይጨምራል። ቅዱስ ቶማስም በበኩሉ መምህርን በሐኪም ይመስለዋል፤ ሐኪም ተፈጥሮን ያግዛል እንጂ የሚያድነው የሕመምተኛው ተፈጥሮ ራሱ እንደ ሆነ ሁሉ መምህርም የተማሪውን አእምሮ ያግዛል። እንግዲህ «የሠራሁት ጭራቅ» ብሎ መጸጸትና «የሠራሁት ድንቅ ነገር» ብሎ መታበይ በእነዚህ ቅዱሳን ፊት አንድ ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም ያልሠራውን ሠራሁ ይላሉና። ከሕመምተኛ ጤንነት የተነሣ የሚከፋው ሐኪም ቢገኝ ምን እንለዋለን?

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአማርኛችን «ተማረ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ዕውቀት ቀሰመ፣ ደግሞም ይቅርታን አገኘ። በግእዝ ሁለቱ በፊደል ይለያያሉ፤ ትምህርት በሃሌታው «ሀ»፣ ምሕረት በሐመሩ «ሐ» ይጻፋሉ። ምንጫቸው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከቃሉ ተነሥቶ ትልቅ ትምህርት ማውጣት ለስብከት ይመች እንደ ሆነ እንጂ ለሰዋስው አይመችም። ሆኖም የፍራንክን ቁጣ ባየሁ ቁጥር ይህ የፊደል መገጣጠም ትዝ ይለኛል።

ስለ ትሪሽም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሱዛን ልትመስላት የምትመኘው፣ የተማረ ሰው ኑሮ ምሳሌ የሆነችላት እርስዋ ናት። ሙዚቃውን፣ ግጥሙን፣ ጨዋታውን ሁሉ ታውቃለች። አንድ ቀን ግን ሱዛን ስትገባ ትሪሽ ራስዋን ለማጥፋት ሞክራ ታገኛታለች። ሙዚቃውና ግጥሙ በዙሪያዋ ሲሆን ሁሉ ደኅና እንደሚመስላት፣ ሲያበቃ ግን ከራስዋ በቀር ምንም እንደማይቀራት ትነግራታለች። ፊልሙ የተቀረጸው በደብሊን ከተማ ነው፤ የእንግሊዙን ዩኒቨርሲቲ ስፍራ የያዘው የዚያች ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቅድስና የታወጀው ጆን ሄንሪ ኒውማን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምንነት ታላላቅ ንግግሮቹን በ1852 ያደረገው በዚያችው ከተማ ነበር። ኒውማን ዕውቀት ለራሱ የሚፈለግ መልካም ነገር መሆኑን አጥብቆ ይሟገታል፤ ወዲያውም ዕውቀት ሌላ፣ ምግባር ሌላ መሆኑን ሳያመነታ ይናገራል። የሠለጠነ አእምሮና የታረመ ጠባይ ጨዋ ሰው ያወጣሉ፤ የሰውን ልብ ግን አያድኑም፤ ይህም የዕውቀት ጥፋት አይደለም፤ ሥራው አይደለምና። ትሪሽ ከመጻሕፍት ያልተሰጣቸውን ሥራ ጠበቀች። ፍራንክም በጠርሙሱ ኋላ ተቀምጦ ያንኑ ጠብቆ ያጣ ሰው ነው።

ፍራንክ ሰክሮ ለማስተማር መድረክ ላይ ወጥቶ ከወደቀ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ወደ አውስትራሊያ ሊልከው ይወስናል። ሱዛን በበኩልዋ ፈተናዋን ትቀመጣለች። ከጥያቄዎቹ አንዱ ያው የ«ፒር ጊንት» ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። መጥታ ስትነግረው፣ ያንኑ የድሮውን የአንድ መስመር መልስ ልትጽፍ አስባ እንደ ነበር፣ ብትጽፈው እርሱ እንደሚደሰት እንዳወቀች፣ ነገር ግን እንዳልጻፈችው ትገልጽለታለች። በደንብ አድርጋ መልሳለች። ያገኘችው ነገር መምረጥ መቻል እንደ ሆነ፣ ይህንንም ያገኘችው በእርሱ ምክንያት መሆኑን ትነግረዋለች። ያ የሬዲዮ መልስ መጀመሪያ የጻፈችው ሌላ መልስ ስላልነበራት ነው፤ አሁን የተወችው ግን ሁለቱንም እያወቀች ነው። የዋህነትዋ ጠፍቷል የሚለው ፍራንክ፣ መልሱ ከነሳቁ በእጅዋ እንዳለ በዚህ ጊዜ ይረዳል። ባልዋንና ትዳርዋን በተመለከተ ግን ይህ የመምረጥ ነገር የሚመልሰው ጥያቄ የለም፤ ፊልሙም ይመልሳል ብሎ አልሞከረም።

ፍራንክ ወደ አውስትራሊያ አብራው እንድትሄድ ይጠይቃታል። እርስዋ እሺም እምቢም ሳትል የሚሆነውን ገና እንደማታውቅ፣ ልትሄድም ልትቀርም እንደምትችል፣ ውሳኔው የራስዋ እንደ ሆነ ትነግረዋለች። ከዚያም ለእርሱ የምትሰጠው ነገር ስታስብ ወንበር ላይ ታስቀምጠውና መቀስዋን ታነሣለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የተንጨፈረረውን ጸጉሩን ልትቈርጥለት ትፈልግ ነበር፤ እርሱም እንቢ ሲላት ኖሯል። አሁን ዝም ብሎ ይቀመጣል።